ወፍራሙ በግራ፣ ቀጭኑ በቀኝ፦ በሶፍትዌር ሲንተሳይዘር ፓንን በኖታ መምራት

ፒያኖ ፊት የተቀመጠ ሰው ወፍራሞቹን ድምፆች ከግራው፣ ቀጫጭኖቹን ከቀኙ ይሰማል፤ መዶሻዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ የተደረደሩት በዚያው ቅደም ተከተል ነውና። የሶፍትዌር ሲንተሳይዘር ግን እንዲህ ያለ አካል የለውም። ድምፁን የሚሠራው ሰው ሆን ብሎ ካላዘዘው በቀር ከሁሉም የወፈረውም ሆነ ከሁሉም የቀጠነው ኖታ ከዚያው ከአንድ ነጥብ፣ ከመሐል፣ ይወጣል። ይህ መመሪያ የሚያሳየው የኖታው ውፍረትና ቅጥነት ራሱ የፓን ማዞሪያውን እንዲመራ፣ ማለትም እያንዳንዱ ኖታ ገና ሲመታ በግራና በቀኝ መካከል የራሱን ስፍራ እንዲይዝ የሚደረግበትን መንገድ ነው።

ይህን ዘዴ ከሌሎች የማስፊያ ዘዴዎች የማስበልጥበት ምክንያት አለኝ። ድምፅን ለማስፋት ብዙዎቻችን የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች፣ ኮረስም ሆነ ስቴሪዮ ማስፊያ፣ ብዙውን ጊዜ ሥራቸውን የሚሠሩት በግራውና በቀኙ መካከል የጊዜ መዛነፍ በመፍጠር ነው፤ ሁለቱ ጎኖች ወደ ሞኖ፣ ማለትም ወደ አንድ ነጠላ መስመር፣ ሲደመሩ የተዛነፉት ሞገዶች በከፊል እርስ በርሳቸው ይጠፋፉና ድምፁ ይሳሳል። ምንጩ ሞኖ እስከሆነ ድረስ በኖታ የሚመራ ፓን በአንድ ኖታ ላይ የሚያመጣው የመጠን ልዩነት ብቻ ነው። በግራም በቀኝም የሚወጣው ያው አንድ ሞገድ ነው፤ የሚለየው በአንዱ በኩል ጎላ፣ በሌላው በኩል ለዘብ ማለቱ ብቻ ነው። ስፋቱም የሚወለደው ከኖታዎቹ መራራቅ ስለሆነ ኮርዱ ሲጠጋጋ ድምፁ ይጠባል፣ ኮርዱ ሲዘረጋ ድምፁ ይሰፋል፤ የሙዚቃው ቅርጽና የድምፁ ቅርጽ አብረው ይሄዳሉ።

ሒሳቡ

ሚዲ፣ ማለትም የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት ቋንቋ፣ ኖታዎችን የሚጠራቸው ከ0 እስከ 127 ባሉት ቁጥሮች ነው። መካከለኛው ሲ 60 ነው፤ በ440 ኸርዝ የሚቃኘው ኤ 69 ነው፤ 88 ቁልፎች ያሉት ፒያኖ ደግሞ ከ21 እስከ 108 ያለውን ይሸፍናል። አንድ ኦክታቭ ሲወጡ የድምፁ ድግግሞሽ በእጥፍ ያድጋል፣ የሚዲ ቁጥሩ ግን ሁልጊዜ በ12 ብቻ ይጨምራል። ለፓን ሥራ የሚመቸን ይህ ሁለተኛው አቆጣጠር ነው፤ ጆሯችንም የኦክታቮችን ርቀት እኩል አድርጎ ስለሚሰማ በቁጥሩ መሠረት የተደለደለ ፓን እኩል የተደለደለ ሆኖ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ሦስት ውሳኔዎች ናቸው፦ የትኛው ኖታ መሐል ላይ ይቁም፣ ከዚያ ኖታ ምን ያህል ሴሚቶን (የሚዲ ቁጥሩ አንድ እርምጃ) ስንርቅ የወሰንነው ጫፍ ላይ እንድረስ፣ ጫፉስ ምን ያህል ወደ ጎን ይሁን። የመጀመሪያውን ማዕከል፣ ሁለተኛውን ርቀት፣ ሦስተኛውን ጥልቀት ብለን እንጥራቸው። ከተመታው ኖታ ቁጥር ላይ ማዕከሉን ይቀንሱ፣ ውጤቱን ለርቀቱ ያካፍሉ፣ በጥልቀቱም ያባዙ። የሚገኘው ቁጥር አሉታዊ ከሆነ ድምፁ ወደ ግራ፣ አዎንታዊ ከሆነ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ማዕከሉ 60፣ ርቀቱ 24፣ ጥልቀቱ 40 በመቶ ነው እንበል። ኖታ 36 በግራ 40 በመቶ ላይ፣ ኖታ 48 በግራ 20 በመቶ ላይ፣ ኖታ 72 በቀኝ 20 በመቶ ላይ፣ ኖታ 84 በቀኝ 40 በመቶ ላይ ይቀመጣል። አሁን የተጠጋጋ የሲ ሜጀር ኮርድ ይምቱ፦ 60፣ 64 እና 67። ሦስቱ ኖታዎች መሐል፣ በቀኝ 7 በመቶ ገደማ እና በቀኝ 12 በመቶ ገደማ ላይ ያርፋሉ፤ ጆሮ እንደ አንድ ነገር ይሰማቸዋል ማለት ነው። ያንኑ ኮርድ ዘርግተው 48፣ 67 እና 76 አድርገው ሲመቱት ግን የታችኛው ወደ ግራ 20፣ የላይኛው ወደ ቀኝ 27 በመቶ ገደማ ይሄድና በሁለቱ መካከል ክፍት ቦታ ይፈጠራል። በኮርዱ መሐል ለሚገባ የሰው ድምፅ ይህ ክፍት ቦታ እጅግ ጠቃሚ ነው።

በጥልቀቱ ላይ ያለኝን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር። አዲስ የተማረ ሰው 100 በመቶ አድርጎ ይጀምራል፤ ለውጡ ፈጥኖ ስለሚሰማው ነው። ነገር ግን የአንድ መሣሪያ ግማሽ አካሉ በአንድ ጆሮ፣ ግማሹ በሌላው ጆሮ ሲሰማ መሣሪያው ሁለት ይሆናል፣ አድማጩም ፈጥኖ ይደክማል። ከ25 እስከ 40 በመቶ ባለው ጥልቀት ይጀምሩ፤ ካነሰም የሚጨምሩት ሌሎቹ የዜማው ክፍሎች ከገቡ በኋላ ይሁን።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ

በሲንተሳይዘር ውስጥ ፓን በሁለት ቦታ ሊገኝ ይችላል። አንዱ በእያንዳንዱ ድምፅ ውስጥ ነው፦ ስድስት ኖታ ሲያዝ ስድስት ፓን ይኖራል። ሌላው ሁሉም ድምፆች ከተደመሩ በኋላ በመውጫው ላይ የሚገኘው ነው፤ ይህ አንድ ብቻ ነው። የእኛ ሥራ የሚሠራው በመጀመሪያው ዓይነት ላይ ብቻ ነው። መውጫው ላይ ያለውን ፓን በኖታ ለመምራት ቢሞክሩ መጨረሻ የተመታው ኖታ ሌሎቹን ሁሉ ጎትቶ ወደ ራሱ ስፍራ ይወስዳቸዋል። በሚዲ የሚላከው የፓን መቆጣጠሪያ ቁጥር 10 በተለመደው አሠራር ያለበት ችግር ይኸው ነው፤ ከ0 እስከ 127 ያለው ዋጋ፣ 64 መሐል ሆኖ፣ የሚሠራው በቻናሉ ላይ ባሉት ኖታዎች በሙሉ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ኖታ የራሱን ቻናል የሚሰጠው የሚዲ አሠራር፣ ኤምፒኢ፣ ይህን ይፈታዋል፤ ሆኖም ለዚህ ሥራ ብቻ ብሎ ወደዚያ መሄድ አያስፈልግም።

የትኛው ዓይነት እንዳለዎት ለማወቅ መመሪያ መጽሐፍ መክፈት አይጠበቅብዎትም። በሚቀጥለው ክፍል እንደሚታየው ኖታውን ከፓኑ ጋር ካገናኙ በኋላ የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ፣ ረጅም የሚቆይ ድምፅ ይምረጡ፣ ኖታ 36ን ተጭነው ይያዙ። ድምፁ በግራ በኩል ሲረጋ፣ ጣትዎን ሳያነሡ ኖታ 84ን አጠር አድርገው ይምቱ። ወፍራሙ ድምፅ ካለበት ሳይነቃነቅ ቀጭኑ በቀኝ ብቅ ብሎ ከጠፋ ፓኑ የየድምፁ ነው። ወፍራሙ ድምፅ በዚያች ቅጽበት ወደ ቀኝ ዘልሎ ከሄደ ግን የያዙት የመውጫውን ፓን ነውና ሌላ ማዞሪያ ይፈልጉ፤ በአብዛኛው ድምፁን በሚያመነጨው በኦሲሌተሩ ክፍል ወይም ከማጣሪያው ቀጥሎ ባለው የየድምፁ ማጉያ ክፍል ውስጥ ይገኛል።

ማገናኘት

የኖታ ቁጥርን እንደ ሞጁሌሽን ምንጭ፣ ማለትም ሌላ ማዞሪያን እንደሚያንቀሳቅስ ምንጭ፣ የሚያቀርበው ክፍል በተለያዩ ሲንተሳይዘሮች በተለያየ ስም ይጠራል፤ ኪ ትራክ፣ ኪ ፎሎው ወይም በቀጥታ ኖት ይባላል። በቫይታል ኖት የሚለውን ምንጭ ጎትተው በኦሲሌተሩ ፓን ላይ ይጥሉታል። በሰርጅ ኤክስቲ ኪ ትራክ የሚለውን ምንጭ መርጠው የፓኑን ተንሸራታች ያንቀሳቅሳሉ፤ በዚህ ሲንተሳይዘር ማዕከሉ የትኛው ኖታ እንደሚሆን የሚወሰንበት ለብቻው የተቀመጠ ቦታ አለ፣ ይህም ሥራውን እጅግ ያቀልለዋል። በሲረም ምንጮችና መድረሻዎች በሚጣመሩበት ሠንጠረዥ፣ በማትሪክሱ፣ ውስጥ ኖት የሚለውን ምንጭ ከኦሲሌተር ፓን ጋር ያጣምራሉ። በአብልተን ላይቭ ውስጥ ያለው ኦፐሬተር ደግሞ ፓን በቁልፍ እንዲመራ የሚያደርግ መቼት ከነጭራሹ ተዘጋጅቶለት ይመጣል። በናሙና ድምፆች ለሚሠሩ ሰዎችም የኤስኤፍዚ ቅርጸት ማዕከሉን ኖታ የሚወስን አንድ ትእዛዝ፣ በእያንዳንዱ ቁልፍ ፓኑ ምን ያህል እንደሚዛወር የሚወስን ሌላ ትእዛዝ አለው።

በዚህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። አንዳንድ ሲንተሳይዘር የኖታውን ምንጭ የሚያቀርበው ከዜሮ ጀምሮ ወደ ላይ ብቻ በሚያድግ ቁጥር ነው፤ ሌላው ከአሉታዊ ወደ አዎንታዊ፣ ዜሮን መሐል አድርጎ ያቀርበዋል። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ ሁሉም ኖታ፣ ወፍራሙ ጥቂት፣ ቀጭኑ ብዙ፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ግራው ባዶ ይቀራል። ሁለት መፍትሔ አለው። ሞጁሌሽኑን ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚቀይር መጫኛ ካለ፣ እንደ ቫይታል ባሉት ላይ እንዳለው፣ እርሱን ማብራት ይበቃል። ከሌለ ደግሞ የፓን ማዞሪያውን ራሱን አስቀድሞ ወደ ግራ ማዞር ያስፈልጋል። ልኩን በግምት ከመፈለግ ይልቅ ማስላት ይሻላል፦ የሞጁሌሽኑን መጠን በማዕከሉ ኖታ ቁጥር አባዝተው ለ127 ያካፍሉት። መጠኑ 80 በመቶ፣ ማዕከሉ 60 ከሆነ 37.8 ይመጣል፤ ማዞሪያውን በግራ 38 በመቶ ላይ ያስቀምጡት። እንዲህ ሲሆን ኖታ 36 በግራ 15፣ ኖታ 84 በቀኝ 15 በመቶ አካባቢ ይሆናል። መጠኑ 80 በመቶ ተብሎ ሳለ የሚሰማው ልዩነት ይህን ያህል ትንሽ የሆነው ሞጁሌሽኑ በ128ቱም ኖታዎች ላይ ስለተዘረጋ ነው። ስለዚህ የአንዱን ሲንተሳይዘር ቁጥር ወደ ሌላው እንዳለ መቅዳት አይሠራም፤ አንዱ ጥልቀቱን በኦክታቭ ይቆጥራል፣ ሌላው በጠቅላላው የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ይቆጥራል።

ወፍራሞቹን ኖታዎች መሐል ማቆየት

ቀጥታ መስመር ተከትሎ የሚሄድ ፓን በወረቀት ላይ ያምራል፤ በተግባር ግን ታችኛው ጫፍ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ሎርድ ሬሊ በ1907 እንዳስረዳው ጆሯችን የድምፅን አቅጣጫ የሚለየው በሁለት መንገድ ነው፦ ወፍራም ድምፆችን በዋናነት በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ባለው የመድረሻ ጊዜ ልዩነት፣ ቀጫጭኖቹን ደግሞ በመጠን ልዩነት። በተፈጥሮ ውስጥ ከሩቅ የመጣ ወፍራም ድምፅ ጭንቅላታችንን ዞሮ ስለሚያልፍ በሁለቱም ጆሮ ከሞላ ጎደል በእኩል መጠን ይደርሳል። በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ግን ወደ ግራ የተጣለ ወፍራም ኖታ ለግራው ጆሮ ብቻ ይጮኻል፤ የሚፈጥረው ስሜት የመታፈን ያህል ነው። በድምፅ ማጉያ በኩልም ቢሆን የቤዝ ሸክም በአንዱ ማጉያ ላይ ብቻ ሲወድቅ ሁለቱ ሊካፈሉት የሚችሉትን ጉልበት አንዱ ብቻውን ይሸከማል። በሸክላ ለሚታተም ሥራ ደግሞ ጉዳዩ ከምርጫ ያለፈ ነው፤ በግራና በቀኝ መካከል ያለ ልዩነት መርፌውን ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚያንቀሳቅሰው ጎኖቹ ያልተመጣጠኑበት ከባድ ቤዝ መርፌውን ከመስመሩ ሊያስወጣው ይችላል።

ይህን በራሴ ሥራ ላይ ነው የተማርኩት። አንድ የሲንተሳይዘር ድምፅ ብቻውን ግራ እጁ ኖታ 36ን እየደጋገመ፣ ቀኝ እጁ ኮርድ እየመታ የሚሄድበት ሥራ ሠርቼ ነበር፤ ጥልቀቱን 80 በመቶ አድርጌ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ሰፊና የተከፈተ ነበር፣ በጣምም ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ማጉያዎቹ በግራና በቀኝ ግድግዳ ርቀው በተሰቀሉበት አዳራሽ ሲከፈት ቀኝ ጥግ ተቀምጬ ሰማሁት። ኮርዶቹ አሉ፣ ከሥራቸው መቆም ያለበት ኖታ ግን የለም። መሠረቱ የተነሣበት ቤት ይመስል ነበር። ግራ ጥግ የተቀመጡት ደግሞ ቤዙን ሰምተው ዜማውን አጥተውታል።

ከዚያ ወዲህ ከኖታ 48 በታች ያለውን ሁሉ መሐል አቆየዋለሁ። ሲንተሳይዘሩ የሞጁሌሽኑን ቅርጽ በመስመር እንዲስሉ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ቫይታልም ሲረምም ይፈቅዳሉ፣ መስመሩን ከታች ጀምሮ እስከ 48 ድረስ በዜሮ ላይ ጠፍጣፋ አድርገው ይሳሉት፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ይነሣ። እንዲህ ሲደረግ ግራው ጎን ባዶ እንዳይቀር ማዕከሉን ወደ ላይ፣ ለምሳሌ ወደ 66 ማዛወርና ከ48 እስከ 66 ያሉትን በግራ በኩል ማሳለፍ ይቻላል፤ ማለትም መስመሩ ከ48 ወደ 54 ሲሄድ ወደ ግራ ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ በ66 ዜሮን አቋርጦ ወደ ቀኝ ይወጣል። መስመሩ እንግዳ ይመስላል፣ ድምፁ ግን የተረጋጋ ነው።

ወደ ሞኖ ሲደመር

ፓን ሲዞር የግራውና የቀኙ መጠን በምን ሕግ እንደሚከፋፈል ሲንተሳይዘሩ አስቀድሞ ወስኗል። የተለመደው ኃይልን እኩል የሚጠብቀው ሕግ ነው፦ መሐል ላይ እያንዳንዱ ጎን በ3 ዴሲቤል ዝቅ ይላል፣ ይኸውም 0.707 እጥፍ ይሆናል። በዚህ ሕግ 40 በመቶ ወደ ቀኝ የሄደ ኖታ በቀኝ 0.89፣ በግራ 0.45 ገደማ ይሆናል፤ ቀኙ ግራውን በ6 ዴሲቤል ያህል ይበልጠዋል ማለት ነው፣ ይህም አቅጣጫውን በግልጽ ለመስማት ይበቃል። ሁለቱ ወደ ሞኖ ሲደመሩ ግን መሐል ያለው ኖታ 1.41፣ ይህኛው 1.35 ገደማ ይሆናል፤ ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል በታች ስለሆነ ማንም አይሰማውም። እስከ ጫፍ የሄደ ኖታ ግን 1 ብቻ ስለሆነ ከመሐሉ በ3 ዴሲቤል ያንሳል፤ ዜማው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በሞኖ እየደከመ ይሄዳል። ጥልቀቱ ልከኛ ይሁን የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ዝግጅቱ ሲያልቅ መውጫውን ወደ ሞኖ አድርገው ከታች እስከ ላይ ኖታዎቹን አንድ በአንድ በእኩል ጥንካሬ ይምቷቸው። መጠኑ የሚወርድበት ቦታ ከተሰማዎት ጥልቀቱን ይቀንሱ ወይም ያንኑ የኖታ ምንጭ በጥቂቱ ወደ ድምፁ መጠን ያገናኙት።

ከፓኑ በኋላ የሚመጡትንም ይፈትሹ። ብዙ ድምፆችን በአንድ ኖታ ላይ የሚደራርበው ዩኒሰን ስቴሪዮ ስርጭቱ እስከ ጫፍ ከተከፈተ እያንዳንዱ ኖታ አስቀድሞ ሁለቱንም ጎን ስለያዘ በኖታ የሚመራው ፓን አይሰማም፤ ስርጭቱን ዘግተው ይጀምሩ። የሚቀበለውን ድምፅ ወደ ሞኖ ደምሮ የሚሠራ ሪቨርብም (የማስተጋባት መሣሪያ) ሊያጋጥም ይችላል፤ ዋናው ድምፅ በስፍራው ሆኖ ጭራው ብቻ መሐል ከሆነ ጉዳት የለውም። ሪቨርቡ በሙሉ መጠን ከተሰጠ ግን የደከሙበት ሁሉ ይጠፋል።

አንድ ኖታ ብቻ በሚያጫውት ሁነታ ላይ ፓኑ ከኖታ ወደ ኖታ በድንገት ይዘላል፤ ረጅም ዝላይ ባለበት ዜማ ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ማለስለሻ ካለ ከ20 እስከ 50 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይስጡት። ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው በሚንሸራተት ድምፅ ላይ ደግሞ ምንጩ የተጫነውን ቁልፍ ይከተል ወይስ በዚያች ቅጽበት ያለውን ውፍረትና ቅጥነት ይከተል እንደሆነ በጆሮ ይለዩ፤ ሁለተኛው ከሆነ ድምፁ እየተንሸራተተ ከጎን ወደ ጎን ይጓዛል፣ ይህም ለቀስተኛ ዜማ ውብ ነው።

ሲንተሳይዘሩ ይህን የማይችል ከሆነ

ያን ጊዜ ያንኑ ድምፅ በሦስት ትራክ ላይ ማባዛትና ለእያንዳንዱ የኖታ ወሰን መስጠት ይቻላል፦ እስከ 47 ያለው በመሐል፣ ከ48 እስከ 71 ያለው በትንሹ ወደ ግራ፣ ከ72 በላይ ያለው ወደ ቀኝ። ድካሙ በድንበሩ ላይ ነው፤ ከ71 ወደ 72 አንድ ሴሚቶን የሚወጣ ዜማ በቦታ ብዙ ይዘላል። ስለዚህ በትራኮቹ መካከል ያለውን የፓን ልዩነት ከ20 በመቶ አያሳልፉ፤ ድንበሩንም ዜማው ብዙ የማይመላለስበት ቦታ ላይ ያድርጉት። ቢትዊግ ስቱዲዮ የሚጠቀም ሰው ከዚህ ይድናል፤ የኪ ትራክ ሞጁሌተሩ በፕሮግራሙ ውስጥ ባሉት መሣሪያዎች ላይ ለየድምፁ መሥራት ይችላል።

አቅጣጫውን በተመለከተ ወፍራሙ በግራ፣ ቀጭኑ በቀኝ የሚለው የተጫዋቹ እይታ ነው። በኦርኬስትራ በተለመደው አቀማመጥ ቫዮሊኖች ከአድማጩ በግራ፣ ደብል ቤዞች በቀኝ ስለሚቀመጡ ከአዳራሹ ሲሰማ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ለዚህ የጥልቀቱን ምልክት ወደ አሉታዊ መቀየር ይበቃል። ሁለት ሲንተሳይዘሮች በአንድ ዓይነት የኖታ ክልል ውስጥ ሲጋጩብኝ አንዱን በአዎንታዊ 35፣ ሌላውን በአሉታዊ 20 አደርጋቸዋለሁ፤ ሁለቱም ከላይ ሲጫወቱ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ይቆማል፣ ወደ መካከለኛው ሲ ሲወርዱም መሐል ላይ ይገናኛሉ።